ጆሮ ሲደክም ማንን እናማክር?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን መጨረሻ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት። ከመስማት ችግር ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት እኔ ግን ተረቱ ለሌላ ነገርም ይሠራል እላለሁ። የሰው ጆሮ ሲደክም ቀድመው የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ናቸው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ በየወሩ ከፍ ይላል፣ ስልክ ሲወራ ጎረቤት ይሰማል፣ ጥያቄና መልስ አልገጥም ይላል። ባለቤቱ ግን «እናንተ ናችሁ አፋችሁ ውስጥ የምታጉረመርሙት» ይላል። ዓይን ሲደክም ፊደሉ ስለሚደበዝዝ ሰውየው ያውቀዋል። ያልሰማነውን ድምፅ ግን እንዳልሰማነው በምን እናውቃለን?

ቋንቋችንም ነገሩን ያወሳስበዋል። «አይሰማም» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው፤ ጆሮው አይሰማም፣ ወይም ምክር አይሰማም። ስንት ልጅ «የማይሰማ» ተብሎ ተቆንጥጧል። ስንት አያት «የሚፈልጉትን ሲሆንማ ይሰማሉ» ተብሎ ተስቆባቸዋል። ለዚህ ነው ወላጆችና አያቶች ስለ ጆሮ ሕክምና በግልጽ ብንነጋገር የሚጠቅመው። በተለይ ደግሞ ጥሩ አገልግሎትን ከተራ ሽያጭ እንዴት እንደምንለይ።

ድምፅ አለ፣ ቃል የለም

ብዙ ሰው የመስማት ችግር ማለት ዝምታ ይመስለዋል። የአብዛኞቻችን ግን እንደዚያ አይደለም። ሰው ሲናገር እሰማለሁ፤ ምን እንዳለ ነው የሚያመልጠኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዕድሜ፣ በጩኸት ወይም በመድኃኒት የሚመጣ የመስማት ድካም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። በአማርኛ «ስ»፣ «ሽ»፣ «ፍ»፣ «ት» የመሳሰሉት ቀጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው። «አ» እና «ኦ» ግን ወፍራምና ጉልበት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ «ሰማ» ይሁን «ሸማ»፣ «ፈራ» ይሁን «ጠራ» ሳይለይ የቃሉ ዜማ ብቻ ጆሮ ይገባል። የቀረውን አእምሮ በግምት ይሞላል። የሕፃናት ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያመልጠን የልጅ ልጆቻችን ጨዋታ ነው።

መጮኽም መፍትሔ የማይሆነው ለዚህ ነው። ስንጮኽ ጉልበት የሚጨምሩት እነዚያው ወፍራም ድምፆች ናቸው፤ የጎደለው «ስ» አይመለስም። ፊታችን ላይ ደግሞ ቁጣ ይነበባል፤ ሰሚው ሰው ምን እንደተባለ ሳይገባው እንደተቆጡት ብቻ ይገባዋል።

ሰው ባይሰማ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ሌሎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል። ቀጥሎ ማኅበርና ለቅሶ ቤት ጥግ ይይዛል። ከዚያ «ደከመኝ» ብሎ መቅረት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዓለም አቀፍ የመስማት ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመስማት ችግራቸው እርዳታ የሚያስፈልገው ደረጃ ላይ ደርሷል። በ2024 የታተመው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ ያልታከመ የመስማት ችግርን የመርሳት በሽታ አጋላጭ ናቸው ካላቸውና ልንከላከላቸው ከምንችላቸው 14 ነገሮች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ይህ ማለት ጆሮው የደከመ ሁሉ ይረሳል ማለት አይደለም። ጉዳዩ ግን የጆሮ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ ምርመራ፣ መጨረሻ መሣሪያ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክር በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ አለ። ብዙ ቤተሰብ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። «ለአባዬ የጆሮ መሣሪያ እንግዛለት» ይባልና መዋጮ ይሰበሰባል። አለዚያም ውጭ አገር ያለው ልጅ ይልካል። የአባዬን ጆሮ ግን ገና ማንም አላየውም።

የመጀመሪያው በር የአንገት በላይ ሐኪም ነው። አንዳንዱ ችግር መሣሪያ ሳያስፈልገው ይድናልና። የደረቀ ኩክ የጆሮን ቀዳዳ ደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ተጠርጎ ሲወጣ ሰውየው ያለ ምንም መሣሪያ ይሰማል። ጆሮ ሲመግል ኖሮ ታምቡሩ ተቀዶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና የሚታይ ነው። ቤት ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ወይም የሞቀ ዘይት መጨመር፣ በክብሪት እንጨት ወይም በፀጉር ሽቦ መጎርጎር ግን ታምቡርን ይጎዳል፤ ኩኩንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ማታ ደህና የነበረ ጆሮ ጠዋት በድንገት ካልሰማ፣ በተለይ በአንድ ወገን ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ድንገተኛ የመስማት ማጣት የሚታከምበት ዕድል በቀናት ውስጥ ስለሚጠብ «ብርድ መትቶኝ ነው፣ ይለቀኛል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የጆሮ ሕመም ከትኩሳት ጋር፣ ከጆሮ የሚወጣ ደም፣ ከባድ ማዞር፣ ወይም የፊት መጣመም ካለም እንዲሁ።

ሐኪሙ የምትወስዷቸውን መድኃኒቶችም መጠየቅ አለበት። የእኔ ችግር የጀመረው በወጣትነቴ ለሳንባ ነቀርሳ ለሁለት ወራት በየቀኑ ስትሬፕቶማይሲን ከተወጋሁ በኋላ ነው። መርፌው ሕይወቴን ካተረፉት መድኃኒቶች አንዱ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ከዚያ ወዲህ መጮኹን አላቆመም። ጄንታማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲንም የዚሁ የመድኃኒት ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በፍርሃት ማቆም አይገባም። ነገር ግን በሕክምና ላይ ሳላችሁ ጆሮ ቢጮኽ፣ ቢደፈን ወይም ቢያዞራችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጥሩ ምርመራ ምን ይመስላል?

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የመርመሪያው ክፍል መስኮት ወደ መንገድ የሚከፈት ነበር። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝና «ድምፅ ሲሰሙ ቁልፉን ይጫኑ» አሉኝ። አንድ ጊዜ የተጫንኩት ከታች የታክሲው ረዳት «መገናኛ! መገናኛ!» ብሎ ሲጣራ ነው። ምርመራው አሥር ደቂቃም አልሞላም። ከዚያ በቀጥታ የመሣሪያ ዋጋ ዝርዝር ወጣ። ወደ ጆሮዬ ውስጥ ያየ፣ ምን እንደምወስድ የጠየቀ፣ ቤት ውስጥ ምን እንደሚከብደኝ ለማወቅ የፈለገ ሰው አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየሁ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ድምፁን ማጣት በጣም የሚያሳዝንዎት የማን ነው?» ብላ ነው። «የልጅ ልጄ» አልኳት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጄን ይዞ ሙሉ መንገዱን ያወራኛል፤ እኔ ግን ራሴን ከመነቅነቅ በቀር የምመልሰው አልነበረኝም። ይህንን ጻፈችው። በኋላ መሣሪያው መሥራቱን የለካነው በዚያ መንገድ ነበር፤ በሱቁ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ካየኋቸው ባለሙያዎችና ካነበብኩት ተነሥቼ ጥሩ ምርመራ የሚለይባቸውን ነገሮች ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ድምፅ የማያስገባ ክፍል ወይም ሳጥን አለ። መንገድ ላይ ያለ ጩኸት ከገባ ውጤቱ የጆሮ ሳይሆን የመንገዱ ነው።

ሁለተኛ፣ በማዳመጫ ብቻ አይበቃም። ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ ነገር ተደርጎ እንደገና ይለካል። ሁለቱን በማወዳደር ችግሩ ከውጭና ከመካከለኛው ጆሮ ይሁን ከውስጠኛው ጆሮና ከነርቩ ይለያል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ይታከማል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያ ይፈልጋል። በአየር ግፊት የታምቡርን እንቅስቃሴ የሚለካ ምርመራም አለ፤ አያምም።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ኦዲዮግራም በሚባል ሥዕል ላይ ይወጣል፤ ቅጂው ደግሞ የእናንተ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምፅ ይሄዳል፤ ከላይ ወደ ታች ደግሞ ለመስማት የሚያስፈልገው የድምፅ ጉልበት በዴሲቤል ይጨምራል። ጤናማ ጆሮ ከ20 ዴሲቤል በታች ያለውን ይሰማል፤ የተለመደ ጭውውት 60 ገደማ ነው። የእኔ መስመር ከእንጦጦ ወደ ታች እንደሚወርድ መንገድ ነው፤ ግራው ደህና፣ ቀኙ ገደል። ወረቀቱን አስቀምጡት። ከዓመት በኋላ ከአዲሱ ጋር ሲተያይ ነው ጆሮው ባለበት መቆየቱ ወይም መውረዱ የሚታወቀው።

አራተኛ፣ በቃላትም ይፈተናል። ፉጨት መስማትና ንግግር መረዳት አንድ አይደለም። ፈተናው ተመርማሪው በሚያውቀው ቋንቋ መሆን አለበት። እናታችሁ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ ከሆነ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ቃላት ተፈትነው «አይረዱም» ሊባሉ አይገባም። ካልሆነ አብሮ የሄደ የቤተሰብ ሰው አፉን ሸፍኖ ቃላቱን እንዲያነብ ባለሙያውን መጠየቅ ይቻላል። መደበኛውን ፈተና ባይተካም ፍንጭ ይሰጣል።

ከመግዛት በፊት የሚጠየቁ

የመስሚያ መሣሪያ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠር በፊት እነዚህን ጠይቁ። መሣሪያው በእኔ ኦዲዮግራም መሠረት ይስተካከላል ወይ? ከተገዛ በኋላ ስንት ጊዜ መጥቼ ማስተካከል እችላለሁ፣ ክፍያስ አለው? ልክ ካልሆነልኝ በስንት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል? ቢበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይስ ውጭ ይላካል? ባትሪውና ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል እዚህ ይገኛል? የሁለት ጆሮ ችግር ላለበት ሰው ለምን አንድ ብቻ ወይም ለምን ሁለት ይመከራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ቦታ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም፣ በኋላ ይክሳል።

ከውጭ የሚላኩ መሣሪያዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የመስሚያ መሣሪያዎችን ፈቅዳለች። ልጆቻችን በፍቅር የሚልኩልን ብዙውን ጊዜ እነዚህን ነው። የተፈቀዱት ግን ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ለሆነና ችግራቸው ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰዎች ብቻ ነው። ለሕፃን አይሆኑም፤ ለከባድ ችግርም አይበቁም። መላክ የፈለገ ልጅ ቢኖር መጀመሪያ የእናቱን ኦዲዮግራም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት። መሣሪያው እዚህ ያለ ባለሙያ ሊያስተካክለው የሚችል መሆኑንም ሳይገዛ ይጠይቅ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መሣሪያው መነጽር አይደለም፤ እንዳደረጉት ሁሉም ነገር አይጠራም። ለዓመታት ቀጭን ድምፅ ያልደረሰው አእምሮ እንደገና መልመድ አለበት። በመጀመሪያው ቀን የራሴ ድምፅ በርሜል ውስጥ የማወራ አስመሰለኝ። የሳህን ግጭት ጆሮዬን ወጋኝ፣ የጋዜጣ ወረቀት ሲገለጥ አስደነገጠኝ። ባለሙያዋ አስቀድማ ስለነገረችኝ አልተረበሽኩም። መጀመሪያ ጸጥ ባለ ቤት ጥቂት ሰዓት፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰው ጋር፣ ከዚያ ቡና ላይ፣ መጨረሻ ገበያ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ የሚያስቸግረኝን ነገርኳት፤ አስተካከለችልኝ። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል። ብዙ መሣሪያ ኮሞዲኖ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው ይህ መመላለስ ሳይኖር ሲቀር ነው።

መሣሪያው ቢያፏጭ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጆሮ ውስጥ በደንብ አለመግባቱ ወይም ኩክ መኖሩ ነው፤ ሻሽና ነጠላ በላዩ ሲጠመጠምም ያፏጫል። ገላ ሲታጠቡና ፀጉር ሲሠሩ ይውለቅ። በክረምት እርጥበት ስለሚጎዳው ማታ ማታ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ቢያድር ጥሩ ነው። ባትሪዎቹ በቀለም ይለያሉ፤ 10 ቁጥር ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ ነው። ቀለሙን ማወቅ ሱቅ የሚላክ ልጅ እንዳይሳሳት ይረዳል። አሮጌውንም አዲሱንም ባትሪ ሕፃን ከማይደርስበት አስቀምጡ፤ ሕፃን ከዋጠ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፤ መሣሪያው የወጣትነት ጆሮዬን አልመለሰልኝም። ሠርግ ቤት በድምፅ ማጉያው መሐል አሁንም ብዙ ያመልጠኛል። ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል። የልጅ ልጄን ወሬ ግን እሰማለሁ፤ ስሕተቱን አርመዋለሁ፤ እሱም «እማማ፣ ቆይ ልጨርስ» ይለኛል።

የቤተሰቡ ድርሻ

ጥሩ ባለሙያ ሰውየውን ብቻውን አይመረምርም፤ አብሮት የሚኖረውንም ያስገባል። የሚከተሉት ምንም አያስከፍሉም። ከማውራታችሁ በፊት ስም ጥሩ ወይም ትከሻ ነካ አድርጉ። ከማድ ቤት ሆናችሁ አትናገሩ፤ ፊታችሁ ብርሃን ላይ ይሁን፤ እጃችሁን ከአፋችሁ አንሡ። በመጮኽ ፋንታ ዘግ ብላችሁ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ ካልተሰማ ያንኑ ቃል ከመደጋገም በሌላ ቃል ንገሩ። ስለ ምን እንደምታወሩ አስቀድሙ፤ «ስለ እንቁጣጣሽ ነው» ከተባለ የቀረው ለመገመት ይቀላል። ሐኪም ቤት ስትወስዷቸው የመድኃኒቱን አወሳሰድ በወረቀት አስጽፉ፤ «እሺ» ማለታቸው ሰምተዋል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ተዉልን። «ምን አልሽ?» ስንል «ተይው፣ ምንም አይደለም» አትበሉን። ለእናንተ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ከማዕዱ መነሣት ነው።

ለወላጆች፦ ልጁ «የማይሰማ» ነው ወይስ አይሰማም?

በአያት ላይ መዘግየት ብቸኝነትን ያመጣል፤ በሕፃን ላይ መዘግየት ግን ቋንቋን ይወስዳል። ሕፃን ቋንቋ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነውና። በዚህ መስክ ዓለም አቀፉ መመሪያ አንድ፣ ሦስት፣ ስድስት ይባላል፤ በአንድ ወር ቅድመ ምርመራ፣ በሦስት ወር የተረጋገጠ ምርመራ፣ በስድስት ወር እርዳታ። ሕፃኑ ቁልፍ መጫን ባይችልም ተኝቶ ሳለ የጆሮውን ወይም የነርቩን ምላሽ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ።

በትልቅ ድምፅ የማይደነግጥ፣ በስድስት ወሩ ገደማ ወደ ድምፅ የማይዞር፣ ዓመት ተኩል ሆኖት ቃል የማያወጣ፣ ወይም መናገር ጀምሮ ያቆመ ልጅ መታየት አለበት። «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» የሚለው ማጽናኛ ከምርመራ በኋላ ይሁን። ከማጅራት ገትር የዳነ ልጅ ሁሉ ጆሮው ይመርመር። ጆሮው የሚመግል ልጅ ደግሞ «ሲያድግ ይተወዋል» አይባል። ለ24 ዓመታት ሳስተምር «ሰነፍ» ከተባሉ ልጆች መካከል ወደ ፊተኛው ወንበር ሲመጡ የተለወጡ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጅነት ከሚከሰተው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ልንከላከለው የምንችለው ነው።

መሣሪያ የማይረዳው ልጅም ቢሆን በሩ አልተዘጋበትም። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ቤተሰቡ አብሮ ከተማረው ልጁ ቤቱ ውስጥ እንግዳ አይሆንም።

የዓለም የመስማት ቀን የሚከበረው በየዓመቱ የካቲት 24፣ በዓድዋ ድል በዓል ማግሥት ነው። ቀኑ ለማስታወስ የሚመች ስለሆነ በቤታችን የጆሮ ቀጠሮ አድርገነዋል። በዓሉ ሲያልፍ የዓመቱን ምርመራ እናስይዛለን፤ የእኔን ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ሙዚቃ በጆሮው የሚሰካውን የልጄንም፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራውን የወንድሜንም። እናንተም ከአንድ ሰው ጀምሩ። ከቤታችሁ ቴሌቪዥኑን ከፍ የሚያደርገው ማን ነው? ለእሱ ቀጠሮ ያዙለትና አብራችሁት ሂዱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ከሆነ፣ ዘመድ የሚሆነው ቤተሰቡ ነው።